ያልደረቀ ቀለም

ኮሮና ስላዘጋው እዚህ ማስካት፣ አል ቡስታን ሆቴል ውስጥ የቀረነው እኛ ጠባቂዎች ብቻ ነን። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ከሆቴሉ ጀርባ ያለው የተራራ የእግር መንገድ መዘጋቱን ይናገራል ብሎ ሰሌዳ ሰጠኝና «ያላ፣ መግቢያው ላይ ስቀለው» አለኝ። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አገር ቤት ሐይቅ ዳር ወዳለ ገዳም ወስዶኝ ነበር። መንገዱ አያደክምም፤ በጫካው ጥላ ውስጥ እያወራን ሳናውቀው ደረስን። በሩ ላይ አዲስ የተቀባ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ሰሌዳውን ተሳለመና እኔንም ከፍ አድርጎ አሳለመኝ። ቀለሙ ከንፈራችን ላይ ተጣበቀ።

በሩን የሚጠብቁት መነኩሴ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «አንተ ሰው! ‹እዚህ መሽናት ክልክል ነው› እኮ ነው የሚለው!»

ገዳሙን ሊያዩ የመጡ ሰዎችም ሳቁ። አባዬ ከንፈሩን በጋቢው ጠረገና «ታዲያ ፊደል አይደለም እንዴ አባ?» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አፈርኩበት። ስንመለስ እጁን ቢዘረጋልኝም አልያዝኩትም።

ትምህርት ቤት አልላከኝም፤ እሱንም ይቅር አላልኩትም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ማስካት፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሞተ ብለው ደወሉልኝ። አውሮፕላን ማፊ፣ የለም። አልቀበርኩትም።

ሰሌዳውን ሰቀልኩት። ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፤ ማንበብ አልችልም። ፊደል መሆኑን ግን አውቃለሁ። ግራ ቀኝ አይቼ ማስኬን ዝቅ አደረግሁና ተሳለምኩት።

ቀለሙ አልደረቀም ነበር።