ፖዘቲቩ ከቦዲው የታሰረባት መኪና

ደሴ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ተፈራ አንዲት ፑንቲና መዳፌ ላይ አኖሩ። ፑንቲና እየተከፈተችና እየተዘጋች ቤንዚኑን ለሚለኩሰው ካንዴላ እሳት የምታስነሳ ትንሽ ብረት ናት። «ክፍተቷን በዓይንህ እስክትለይ መኪና አትነካም» አሉኝ። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መካነ ሰላም ሄጄ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። እዚያ የሚመጣልኝ አብዛኛው የናፍጣ መኪና ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ፑንቲና የለውም። ያን ሙያዬን የምትፈልገው አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ የጋሽ እንድሪስ።

ጋሽ እንድሪስ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። መኪናዋን የገዙት አብሯቸው ከሠራ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ዝቅ ያለች የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ወደ ከላላ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሆዷ ድንጋይ ይልሳል። ድሮ ፑንቲናዋን የሚያስተካክሉት ራሳቸው ነበሩ፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔን መጥራት ጀመሩ።

አንድ ክረምት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ለቅሶ ሲሄዱ መኪናዋ ከመንገድ ቀረች። ዝናብ ሲወርድባቸው ውሎ እትዬ ዘይነባ በሰው በቅሎ ተመለሱ። «ወላሂ፣ ሁለተኛ እግሬን አላስገባባትም» አሉ።

ይህን የሰማችው ልጃቸው ሐያት ከአዲስ አበባ አንድ ዕቃ ላከች። የፑንቲናን ሥራ የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ የክብሪት ቀፎ የማይሞላ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለት ሽቦ ያለው። ከውጭ በሰው ያስመጣችው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ዕቃውን ሳየው ደስ አላለኝም። ሁለት ወር የተማርኩትን ሙያ ያ ፕላስቲክ ሊቀማኝ መሰለኝ።

ጋሽ እንድሪስ መመሪያውን ዘርግተው «እንግሊዝኛ ነው፣ ላንብብልህ?» አሉኝ።

«አያስፈልግም ጋሼ፤ ሥዕሉ ይበቃኛል።»

ፑንቲናዋን ፈትቼ ዕቃውን አሰርኩ። ቀዩን ሽቦ ለካንዴላው ኃይል ከሚያበዛው ከቦቢናው አንድ ጫፍ፣ ጥቁሩን ከሌላው አገናኘሁ። ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ዝም አለ። ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

«ምን ሆነ?»

«ዕቃው ሲመጣም ብልሽት ሳይኖረው አይቀርም» አልኩ። ከአፌ ያመለጠኝ ሳላስበው ነው። ግን አላረምኩትም። ፑንቲናዋን መልሼ አስሬ ሄድኩ።

ነገሩ አላስተኛኝም። በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ ሳይኖሩ ሄጄ እትዬ ዘይነባን አስፈቅጄ ባትሪውን በቴስተር ለካሁ። ባትሪውን ሁልጊዜ የሚያስሩት ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ስለነበሩ ልብ ብዬው አላውቅም። እኔ በማውቃቸው መኪኖች ሁሉ ከቦዲው የሚታሰረው ኔጋቲቩ ነው። በዚህች ግን ፖዘቲቩ ነበር። ስለዚህ ዕቃው ውስጥ የላክሁት ኤሌክትሪክ የተገለበጠ ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ለሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ነገርኳቸው።

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሐያት ደውዬ ተቆጥቻታለሁ» አሉ። «አታለውሻል፣ ዓይንሽን ገልጠሽ አትገዢም ብያታለሁ። አልቅሳ ዘጋችው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ተነስ፣ ቴሌ እንሂድ።»

ለሐያት ደውለው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ዕቃው ደህና እንደነበረ፣ ሳልለካ አገናኝቼ ያቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያም መዋሸቴን ነገርኳት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ከአባቴ ጋር አልተነጋገርንም እኮ» አለችኝ። «አሁን እሱን ስጠኝ።»

ከስልክ ክፍሏ ወጥቼ ውጭ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «አብሽር» ብቻ አሉኝ።

ሌላ ዕቃ እስኪገኝ ወራት አለፉ። ሲመጣ ጋሽ እንድሪስ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው መመሪያውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አነበቡልኝ፤ እኔ አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አላለፍኩም። ኔጋቲቩ ከቦዲው እንዲታሰር የባትሪውን ሽቦዎች ገለበጥኩ፤ የቦቢናውን ሽቦዎች አቀያየርኩ፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አዲሱን የኤሌክትሪክ አቅጣጫ እንዲይዝ ከባትሪው ሽቦ ለቅጽበት አስነካሁት። ከዚያ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ዕቃውን ያሰርኩት በመጨረሻ ነው።

ቁልፉ ገና ከመዞሩ ተነሣች። የሞተሩ ድምፅ እኔ በፑንቲና አስተካክዬ ከማውቀው ሁሉ የተሻለ ነበር። ይህን መስማት ትንሽ አመመኝ፤ ደስም አለኝ።

እትዬ ዘይነባ ከበር ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። «እስከ ዋናው መንገድ... እስከ ገበያው ድረስ ብቻ» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ከላላ ድረስ ወሰዷቸው።

ከዚያ ወዲህ በማላውቀው መኪና ላይ ሽቦ ከማገናኘቴ በፊት ባትሪው እንዴት እንደታሰረ እለካለሁ። ዕቃ ካቃጠልኩም ለባለቤቱ በዚያው ቀን እናገራለሁ።