በሳድስ የተበቀልኳት ሴት

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቂሙን ይተዋል ይላሉ። እኔ አልተውኩም። በሕይወቴ የተበቀልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተበቀልኳትም ሕፃናትን ማንበብ በማስተማር ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ ነው፣ ቦሌ ውስጥ በየቪላው የግል መዋዕለ ሕፃናት መከፈት ጀመረ። እኔ ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ ያልመጣልኝ፣ ገርጂ ከእናቴ ጋር የምኖር የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቪላዎቹ በአንዱ በረዳት መምህርነት ተቀጠርኩ። ዳይሬክተሯ ለረጅም ጊዜ ያስተማረች፣ ልብሷ የማይጨማደድ፣ ስትቆጣ እንኳ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰድብ ስድቡ ቶሎ አይለቅም።

ሥራዬ ልጆቹን ሽንት ቤት መውሰድ፣ ምሳ ዕቃቸውን መክፈትና ጠዋት ጠዋት የፊደል ገበታውን በዘንግ እየነካሁ ማስቆጠር ነበር። አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ሲል ግቢው ይናወጣል። ወላጆች በር ላይ ቆም ብለው ሰምተው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ዘንጉ ከእጄ ተንሸራቶ «መ» ላይ አረፈ። ልጆቹ «ሀ» ብለው ጀመሩ። ሆን ብዬ ወደ «ተ» ወሰድኩት። አሁንም «ሀ» አሉ። ለካ ዓይናቸው ምንም አያይም ነበር፤ የያዙት ዜማውን ብቻ ነው።

ዜማውንም ያልያዘች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥቶ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለሆነ፣ ጠዋት በታክሲ ጭኔ ላይ አስቀምጬ የማመጣት እኔ ነበርኩ። ዳይሬክተሯ ይህችን ልጅ ክፍሉ ፊት ታቆማትና ሰነፍ ልጅ ማለት ይህች ናት እያለች ለሌሎቹ ታሳያቸዋለች። በመጨረሻ አባቷን አስጠርታ ልጁ አእምሮዋ የዘገየ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቢፈልግላት እንደሚሻል ነገረችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየሁት።

በማግስቱ ከካርቶን ፊደል ቆርጬ መጣሁ። የተነሳሁት ከግዕዙ ሳይሆን ከሳድሱ ነው፤ ሳድስ የፊደሉን ድምፅ ያለ ምንም ጭማሪ ይሰጣል። «ም» ለማለት ከንፈር መግጠም ይበቃል። «ስ» ጎማ ሲተነፍስ ነው። «ር» የቆመ መኪና ሲነሳ። ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድሬ ድምፁን እንዲያያይዙት ነገርኳቸው። የባለሱቁ ልጅ ሦስት ጊዜ ሞክራ ተሳሳተች። በአራተኛው ቀና አለችና «ምስር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኛ ሱቅ አለ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ክር፣ ድንች፣ ልብስ አነበበች። ገና ሀ ሁን አስተካክላ ያልቆጠረች ልጅ ናት።

ዳይሬክተሯ የገባችው ሁለት አዲስ ወላጆች እያስጎበኘች ነው። ልጆቹ «ዝንብ» የሚለውን ለማንበብ «ዝዝዝ» እያሉ ነበር። ጥቂት ቆማ አዳመጠች።

«ማንበብ እያስተማርሽልኝ ነው ወይስ ዝንብ እያረባሽልኝ?» አለችኝ።

ወላጆቹ ሳቁ። ላስረዳት ስጀምር ወደ እነሱ ዞረችና ማትሪክ የወደቀች ልጅ ፊደል ልታሻሽልልን ነው አለቻቸው። ከዚያ ዘበኛውን ጠርታ ካርቶኖቹን አስለቅማ ልጆቹ እያዩ ቆሻሻ ማቃጠያው ውስጥ አስጣለቻቸው። እኔንም ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረችኝ።

ከቦሌ እስከ ገርጂ በእግሬ ሄድኩ። አላለቀስኩም። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት በሰው ፊት እንዳዋረደችኝ በሰው ፊት እንደማዋርዳት ነበር።

ባለሱቁ የሆነውን ሲሰማ ልጁን ከዚያ አወጣትና እኔ እንዳስተምራት ጠየቀኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ከጆንያ አጽድቶ ሰጠኝ። ከሰፈሩ ሌሎች አምስት ልጆች ተጨመሩ። ለልጆቹ ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው ያስተማርኳቸው ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው፤ ከግማሽ በላይ እልህ ነበር። የባለሱቁ ልጅ አንድ ቃል ባነበበች ቁጥር የዚያች ሴት ፊት ይታየኛል። ሰኔ ሲገባ ልጅቷ የሳሙናውንም የሻዩንም ወረቀት እያነበበች አባቷን ታስቸግር ጀመር።

በዚያው ሰኔ መዋዕለ ሕፃናቱ የወላጆች ቀን አዘጋጀ። የባለሱቁ ወንድም ልጅ እዚያው ይማር ስለነበር ቤተሰቡ ተጠርቷል። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ከባለሱቁና ከሴት ልጁ ጋር ገባሁ። ዳይሬክተሯ ልጅ ስላልነበራት የእህቷን ልጅ እያሳደገች እዚያው ታስተምራት ነበር። የበዓሉ ጌጥ ያችው ልጅ ሆነች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አራት መስመር በዘንግ እየተከተለች አንድም ሳትስት ወረደችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ዳይሬክተሯም አስተያየት ያለው ወላጅ ካለ አለች።

ተነሳሁ። «እትዬ፣ ከፈቀዱልን ልጅቷ ሁለተኛውን መስመር ብቻ ታንብብልን» አልኩ በትሕትና።

እምቢ ማለት አልቻለችም። ልጅቷ ከአንደኛው መስመር ጀመረች። ወደ ሰሌዳው ሄጄ አንደኛውን መስመር በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩትና ሁለተኛው ላይ ጣቴን አደረግኩ። ማንበብ አቅቷት ወደ አክስቷ ተመለከተች። ያኔ ሰነፍ የተባለችውን የባለሱቁን ልጅ ጠራኋት። መጥታ እያንዳንዱን ፊደል እያያያዘች፣ ቀስ ብላ፣ ከታች ወደ ላይ አራቱንም መስመር አነበበች።

ከፊት የተቀመጠ አንድ አባት ተነስቶ የራሱን ልጅ ወደ ሰሌዳው ወሰደ። ሌላዋ ተከተለችው። ብዙም ሳይቆይ ወላጅ ሁሉ ልጁን እያቆመ ይፈትን ጀመር፤ የሚመልስ ጠፋ። ዳይሬክተሯ ወንበሯን ይዛ ቆማለች። ዓይኔን ከፊቷ ላይ አላነሳሁም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የእህቷ ልጅ ግን ሰሌዳው ሥር እንደቆመች ነበረች፤ እያለቀሰች፣ ካልሲዋ ድረስ ርሳ። አይቻታለሁ። አይቻትም አልፌ ወጣሁ።

በመስከረም ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት አሥራ ሁለት ልጆች ወደ እኔ መጡ። ገርጂ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ራሷ ልጅቷን እጇን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳ ፊት አፏን አልከፍት ብላ፣ አንደኛ ክፍል የሚቀበላት አጥታ ነበር።

ክፍል እስክጨርስ ደጅ አስጠበቅኳት። ስትገባ፣ «ልጅቷን ተቀበያት» አለች።

«እቀበላታለሁ። እርስዎም ግን አብረዋት ተቀምጠው ድምፁን ያወጣሉ» አልኳት።

የምትሄድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ልጅቷን ይዛ መጥታ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። ሕፃናቱ ዞረው ያዩአታል። ካርቶን አንስቼ ድምፁን ጠየቅኳት። «ርርር» አለች፤ ፊቷ ቀልቶ። ደገምኩባት፤ ደገመች። እናቴ በመስኮት አይታ ኖሮ ማታ ትልቅ ሴት እንዲህ አይደረግም ብላ ተቆጣችኝ። አልሰማኋትም። አንድ ሳምንት ሙሉ አስቀመጥኳት።

በአምስተኛው ቀን አክስትየዋ ድምፁን ስታወጣ ልጅቷ ሳቀች። ከሳቋም ጋር አብራት «ርርር» አለች። ከዓመት በኋላ ክፍል ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ድምፅ ነበር። እኔ ሴትዮዋን ለማዋረድ ያደረግኩት ልጅቷን አፏን አስከፈታት። ደስ ይበለኝ ወይስ ይናደኝ አላወቅኩም።

ልጅቷ ማንበብ ስትጀምር ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ምን እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም፤ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። አክስቷን አልጠየቅኩም፤ እሷም እኔን አልጠየቀችኝም። በመጨረሻው ቀን በሩ ላይ ቆማ የሆነ ነገር ልትናገር ያሰበች መሰለኝ፤ ጠበቅኳት። ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች።