የቀጭኑ ሰውዬ ሁለት ታሪክ

ከክፍል ስወጣ ነው የያዙኝ። እጄ በጠመኔ ነጭ እንደሆነ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «መምህር፣ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ፈልገንዎት ነበር» አሉኝ። ተማሪዎቼ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያዩን ስለነበር እንደ ምንም ፈገግ ብዬ ተከተልኳቸው። በዚያ ሰሞን አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መድረክ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ያጠቆረ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ሌላ ጥፋት አላውቅብኝም። ለአንድ ጥያቄ የተባለው ነገር ሁለት ወር ገደማ ፈጀ።

ክፍሉ ሐረር፣ አዲሱ ከተማ ካለ ፖሊስ ጣቢያ ጀርባ ነው። ድሮ የቡና መጋዘን ነበር ይላሉ፤ እውነትም ግድግዳው የጆንያ ሽታ አልለቀቀውም። ከፍ ብሎ አንዲት ባለ ብረት መስኮት አለች፤ በእሷ የሐኪም ጋራ ጫፍ ብቻ ይታያል። እስረኞቹ ካቦ ብለው የመረጡት፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና «መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ አልልዎትም። ጫማዎን እዚያ ጋ ያውልቁ፤ ከሐጂ ጎን ቦታ አለ» አለኝ።

ሐጂ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ጺማቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው። የብርድ ልብሳቸውን እኩሌታ አጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። «አቦ ና፣ ምን ያቆምሃል? መሬቱ ለሁላችንም ይበቃል» አሉኝ። ጀጎል፣ የድሮው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ተወልደው ያደጉ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው፤ ከአባታቸው በተማሩት ሙያ ቁርአን በቆዳ ይጠርዛሉ። እሳቸው የታሰሩት የተጣሉ ልጆች አስታርቀው ነው። ከግንቡ ውስጥና ከግንቡ ውጭ ያሉ ወጣቶች በኳስ ምክንያት ተፈነካክተው ነበር፤ ሐጂ ሁለቱንም ወገን ቤታቸው ጠርተው፣ አብልተው አጠጥተው አጨባበጧቸው። «ቤቱ ውስጥ ወጣት ሰብስቦ አድሟል» ተባሉ።

እኔን ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ቀን ተቆርጧል፤ ጥሪው ተበትኗል፤ ድንኳኑም ተይዟል። እኔ ደግሞ እዚህ ጆንያ ሲሸተኝ እውላለሁ። ስለ ራሴ ጉዳይ ያን ያህል አልፈራሁም። ልጄን ሳልመርቅ ከቤት ትወጣለች የሚለው ሐሳብ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ ነበር። ከቤት የመጣውን ስንቅ አንድ ላይ ከበላን በኋላ፣ ቆጠራ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ተራ ይዞ ያወራል። ባጃጅ ነጂው ያየውን ፊልም ሁሉ ድምፁንም ጭምር እየሠራ ሲነግረን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ ስንት ዓመት ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ የምናገረው ጠፋኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ በልጅነቴ ያየሁት የህንድ ኮሚክ ትዝ አለኝ።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ። ያደግሁት ከግንቡ ውጭ ነው። የሒሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ካርቶን ኮሚክ ለትምህርት ቤቱ ትተው ሄዱ። ጽሑፉ በእነሱ ፊደል ነው፤ ማንም አያነበውም። ማንም ባለማንበቡ ደግሞ ሁላችንም በሥዕሉ አንባቢ ሆንን። ከሁሉም የምንወደው ኮሚክ ጀግናው አረንጓዴ ጥብቅ ልብስ የለበሰ፣ በሬ ከነጋሪው በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ነው። እኛ «ጉልቤው» አልነው። ጠላቱ ሐር ጥምጥም ያደረገ፣ ጢሙ ወደ ላይ የተጠቀለለ አንድ ቀጭን ሰውዬ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወገባችን ላይ የእናቶቻችንን ነጠላ አስረን ጉልቤው ለመሆን እንጣላለን፤ ቀጭኑን ሰውዬ ለመሆን ግን ማንም እሺ አይልም። ያ አቧራማ መንገድ፣ ያ ጣታችንን ያጣበቀው፣ ሙሸበክ የምንለው ጣፋጭ ማር አሁን ድረስ ይናፍቀኛል።

ለእስረኞቹ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። የአንድ መንደር ሰዎች ማንጎ ዛፍ ሥር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ቀጭኑ ሰውዬ ይመጣል። ዱላ አያነሳም፣ አይጮህም፤ በአንዱ ጆሮ ያንሾካሽካል፣ ቀጥሎ በሌላው ጆሮ ያንሾካሽካል። ሰዎቹ በዱላ ይፈነካከታሉ፤ ቤት ይቃጠላል። በመጨረሻ ጉልቤው ደርሶ ቀጭኑን ሰውዬ ትከሻው ላይ ተሸክሞ እስር ቤት ይከተዋል።

«ውሸት!» አሉ ሐጂ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«ያንን መጽሐፍ አውቀዋለሁ። አንድ ቅመም ነጋዴ ኤረር በር ገበያ ላይ መጠቅለያ ሊያደርገው ሲል አባቴ ለምነው ወሰዱት። ክሩ ተበጥሶ ቅጠሉ ሁሉ ተበትኖ ነበር። እኔ ነኝ የጠረዝኩት፤ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ቁርአን ቤት ለሚመጡት ሕፃናት ሁሉ ሥዕሉን እያሳየሁ እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። ቀጭኑ ሰውዬ ደግ ሰው ነው!»

«ሐጂ፣ እንዴት ደግ ይሆናል? መንደሩን አቃጥሎ?»

«የታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሰውዬው እስር ቤት ነው፣ ምስኪን፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ያ አረንጓዴ የለበሰው ጎበዝ ተሸክሞ ያወጣዋል፣ አላህ ይስጠው። ሲወጣ አገሩ ተጣልቷል፤ ሰው በዱላ ይፈነካከታል። ይሄ ቀጭን ሰውዬ ምን ያደርጋል? ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ በጆሮው ይለምነዋል፤ ተው፣ ወንድምህ ነው ይለዋል። የተቃጠለው ቤት ይሠራል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ማንጎ ሥር ተሰብስበው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ።»

 ነገሩ ቀድሞ የገባው ለባጃጅ ነጂው ነው። «ሐጂ» አለ ሳቁን እየታገለ፣ «የጠረዙት በየት በኩል ነው?»

«በየት በኩል እጠርዛለሁ? እንደ መጽሐፍ ነዋ፣ በቀኝ በኩል!»

ሳቃችን ጠባቂውን በሩ ድረስ አመጣው። ሐጂ ከግራ የሚነበበውን መጽሐፍ እንደ ቁርአን ከቀኝ የሚከፈት አድርገው ጠርዘውት፣ የግንቡ ውስጥ ልጆች በሙሉ ታሪኩን ከመጨረሻው ጀምረው አነበቡት። እኛ ውጭ ቀጭኑን ሰውዬ ስንረግም፣ እነሱ ከግንቡ ወዲያ ቀጭኑን ሰውዬ ለመሆን ይጣሉ ነበር። ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቆይተው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ያ ሁሉ ሕፃን! ወላሂ አሁን ስንቶቹ ሽማግሌ ሆነዋል፤ ማን ሄዶ ይነግራቸዋል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፈለና ስንከራከር ሰነበትን። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ድገሙልን የሚባሉት ሐጂ ነበሩ። አንድ ታሳሪ ተሸክመው ሲያወጡት የሚጀምር ታሪክ እዚያ ቤት ማን ይጠላል?

ሰርጉ በተቃረበበት ሳምንት መርማሪው አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ።

«እሁድ ልጅዎን ይድራሉ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

ሻዩን ፉት አልኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«ሐጂ እነዚያን ልጆች ቤታቸው ሰብስበው ለምን እንዳነሳሷቸው ሲያጫውቱዎት ነግረውዎታል። እርስዎ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቀርበው ይህንኑ ይናገራሉ፤ በቃ። ቅዳሜ ቤትዎ ይገባሉ።»

«እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩኝም።»

«እሳቸው እኮ ስለ እርስዎ ብዙ ነገር ነግረውናል፣ መምህር። ለእሳቸው ብለው ነው ልጅዎን ሳይድሩ የሚቀሩት?»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሐጂ የምሳ ዕቃቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ጠግቤያለሁ» አልኳቸው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጋደም አልኩ። ከጎናቸው ተኝቼ ያወራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ስለ ስብሰባው ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ አለቆቼም ነግሬያቸዋለሁ። ልቤ ከሐጂ ሸፈተ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐጂ ተጠሩ። ሲመለሱ ጫማቸውን ቀስ ብለው አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔንም ሻይ ጋበዙኝ» አሉ። «ቅርንፉድ አለው፤ ጥሩ ሻይ ነው። አንተ ስለ እኔ ብዙ ነገር ነግረሃቸዋል። ልጆቹን ለአመፅ እንደ ሰበሰብኩ አምኜ ነግሬህ ነበር። እንዲህ አሉኝ።»

«ወላሂ አልነገርኳቸውም፣ ሐጂ!»

ወላሂ ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው። ክርስቲያንም ቢሆን ሐረር ያደገ ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ነው የሚምለው።

«አውቃለሁ» አሉ። «መምህር፣ በእናንተ በኩል ቀጭኑ ሰውዬ ምን ነበር የሚያደርገው?»

«በአንዱ ጆሮ፣ ከዚያ በሌላው ጆሮ እያንሾካሾከ ያጣላል።»

«በጎረምሳነቴ ይሄን ብትለኝ በድንጋይ ነበር የምፈነክትህ። ዛሬ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በእናንተ በኩል አነበብኩት።»

ስለ ትናንቱ ኩርፊያዬ አንድም ቃል አላነሱብኝም። ያን ጊዜ የሰርጉን ነገር፣ የቅዳሜውንም ተስፋ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። 

«ልጅህ ናት» አሉ ሐጂ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የትም ብተኛ መተኛት ነው። ሂድና የሚሉህን በል። አልቀየምህም፤ አላህ ምስክሬ ነው።»

ከልባቸው ነበር ያሉት። ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ዳግም አስጠራኝ። «ወሰኑ?» አለኝ።

«ሐጂ የነገሩኝ አንድ የሕፃናት ታሪክ ብቻ ነው። ፍርድ ቤትም ብቀርብ የምናገረው እሱን ነው።»

ሻዩን ከፊቴ አነሳው። «እንግዲህ ራስህ ነህ የመረጥከው» አለኝ። እርስዎ መባሌም በዚያው ቀረ።

ልጄ ዓርብ ዕለት ስንቅ ይዛ ከእናቷ ጋር መጣች። በአጥሩ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ቆመን ለአፍታ እንድንነጋገር ፈቀዱልን። እጇ ላይ ሂና ነበረባት፤ ጓደኞቿ ከጀጎል መጥተው እንደቀቧት ነገረችኝ። ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች።

«አባዬ፣ አንተ ሳትኖር አላገባም። ይዘግይ።»

«እነዚህ ሰዎች እስኪለቁኝ ከጠበቅሽ ልታረጂ ነው» አልኳት። ሳትፈልግ ሳቀች። «እሁድ ስንት ሰዓት ነው ከቤት የምትወጪው?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ስድስት ሰዓት ዝግጁ ነኝ። አንቺ የአጎትሽን ጉልበት ስትስሚ እኔ እዚህ እመርቅሻለሁ።»

ቅዳሜ ሸሚዜን አጥቤ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ብርድ ልብሴ ሥር ዘርግቼ ተኛሁበት። እሁድ ጠዋት ለብሼው እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። ባጃጅ ነጂው የሁሉንም ብርድ ልብስ ሰብስቦ እየደራረበ ከግድግዳው ሥር መቀመጫ ሠራልኝ። «የሙሽራ አባት መሬት አይቀመጥም» አለ። ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም። ሐጂ ግን «የቀትሩ የዙሁር አዛን ስድስት ሰዓት እንዳለፈ ነው፤ ሲጀምር ጀምር» አሉኝ።

አዛኑ ከጀጎል በኩል ሲሰማ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳይነገረው ቆመ። እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ። እጄን ባዶ አየር ላይ፣ የልጄ ራስ ይሆናል ባልኩት ከፍታ ዘረጋሁ።

«ሂጂ ልጄ። ትዳርሽ የአብርሃምና የሣራ ይሁን። ውለጂ፣ ክበጂ። ቤትሽ ሰው አይጣበት። ያሰብሽው ይሙላልሽ።»

በየመሐሉ ግማሹ «አሜን» ግማሹ «አሚን» አለ። ጠባቂው በሩን በዱላ ቆረቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ ጫጫታ?»

«ልጅ እየዳርን ነው!» አለ ባጃጅ ነጂው።

ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ አየኝ። ሸሚዜንም መቀመጫዬንም አየ። «በሉ ቶሎ ድሯት» አለና ሄደ። አለቀስኩ። ሐጂ ትከሻዬን ይዘው ቆዩና ሶላታቸውን ጀመሩ።

በመጨረሻ አንድ ቀን «ውጣ» ብለው ለቀቁኝ፤ ስለ ክስ ያነሳ የለም። ሐጂ ከእኔ በኋላ ብዙ ቆዩ። አሁን ሁለታችንም ቤታችን ነን። አንዳንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ሙጫ ጣታቸው ላይ እንደ ደረቀ ይጨብጡኛል። ልጄም ወልዳለች።

የሰርጉ ቪዲዮ ቤታችን አለ። ታላቅ ወንድሜ በእኔ ወንበር ተቀምጦ ይታያል። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ከሳመች በኋላ አትነሳም። ሚዜዎቿ ክንዷን ይዘው ሊያነሷት ሲሞክሩ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ታስለቅቃለች። አንገቷን ደፍታ እንዳለች ትቆያለች። ቪዲዮ አንሺው ቦታው ረዘመ ብሎ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። ባየሁት ቁጥር እዚያ ጋ ስደርስ ከተቀመጥኩበት እጄን ዘርግቼ እመርቃታለሁ። ባለቤቴም ከጓዳ ሆና «አሜን» ትላለች።