ከወለሉ ሥር የበቀለው እንሰት

ያንን ቤት ከመግዛታችን በፊት የመረመርነው ቤቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ሶዶ ላይ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው መሠረቱን ምን ያህል ቆፈረ፣ ምን ዓይነት ብረት አስገባ የሚለው አይደለም። የማን ልጅ ነው? ይጠጣል? በከንቱ ይምላል? ከጎረቤቱ ጋር ይካሰሳል? የእኛም ሽማግሌዎች ይህንኑ አጣርተው መጡ። ለቅሶ የማይቀር፣ የሠራተኛ ላብ የማያስቀር፣ ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ነው አሉን። እኔም ተመስገን አልኩ። ደግ ሰው የሠራው ቤት ክፉ ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ባለቤቴ በምስክር ብቻ የሚረካ ሰው አይደለም። የሒሳብ አስተማሪ ነው። ስልኩ ላይ የውሃ ልክ የሚያሳይ አፕ ጭኖ፣ ከክፍል ክፍል እየዞረ ስልኩን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። "ቀጥ ብሏል" ይላል። "ይሄም ቀጥ ብሏል።" በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ያዳምጣል። ብሎኬቱን በቁልፍ ሲያንኳኳ ምን መስማት እንዳለበት እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ሁለታችንም ግን እንደገባው ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ሰውየው ከኋላችን በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቀናል። አንድ ጊዜ እንኳ ቤቱን ሲያሞግስ አልሰማሁም። ይህን ወደድኩለት።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ከጓሮ ያለው እንሰት ነው። የተወለድኩት ከበዴሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፤ ከጀርባው እንሰት የሌለው ቤት ለእኔ ጀርባው የተራቆተ ሰው ነው። እዚያ ጓሮ ውስጥ ትልልቅ እንሰቶች በረድፍ ቆመዋል። አፈሩን ዘግኜ ጨበጥኩት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የዘመናት ፍግ የጠጣ አፈር ነው። ቦታው የአንድ ቤተሰብ የእንሰት ማሳ የነበረ፣ በኋላ ተቆራርሶ የተሸጠ ነው። የኋለኛው ክፍል መስኮት ሲከፈት ሰፋፊው ቅጠል ፊት ላይ ሊመጣ ይደርሳል። "የእናቴ ክፍል ይኼ ነው" አልኩት ለባለቤቴ። እናቴ ግማሽ ጎኗ ከታመመ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አትነሳም፤ ንግግሯም ተሰባብሯል። ከገጠር አውጥቼ ከተማ የማስቀምጣት ከሆነ ቢያንስ የምታውቀውን ቅጠል ትይ ብዬ ነው። የእንሰቱ ረድፍ ለምን ቤቱ ጋ ሲደርስ እንደተቋረጠ ለመጠየቅ ሐሳቡም አልመጣልኝም። ባለቤቴ ቢሆን የአያቶቹ አገር ሰሜን ነው፤ ስለ እንሰት የሚያውቀው ቆጮው ሰሃን ላይ ከመጣ በኋላ ያለውን ነው።

ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ገባን። በጋውን ደስ ብሎን ኖርን። እናቴ በመስኮቱ እያየች ትውላለች፤ ለእኔ የማይገባኝን ነገር ለቅጠሎቹ ታወራለች። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ የግድግዳውን ቀጥ ማለት ያሳያል። እኔም እስቅበት ነበር።

በልግ ገባ። መጀመሪያ የእናቴ ክፍል በር ወለሉን መፋቅ ጀመረ። አናጢ ጠራን፤ "እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው" አለና ላገልን። ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ። ባለቤቴ ስንጥቁ የቆመበት ቦታ ላይ በእርሳስ አሰመረ። ስንጥቁ እርሳሱን አልፎ ሄደ። ሌላ አሰመረ። "ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው" አለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። እኔም ዳገት ላይ የተሠራ ቤት ነው፣ አፈር ራሱን እስኪያደላድል ነው፣ የሁሉም ቤት ይሰነጠቃል እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ።

አንድ ጠዋት የእናቴን አንሶላ ልለውጥ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት። ጥጉ ላይ፣ በሴራሚኩና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ከክፍተቱ ውስጥ አንድ ተጠቅልሎ የቆመ ነገር ወጥቷል። ወረቀት መሰለኝ። ልመዝዘው ነካሁት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ደግሞም ይዞኛል፣ አልመዘዝ አለኝ። ፀሐይ ስላላየ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ነው። የእንሰት ቡቃያ ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንሰት እንዴት እንደሚባዛ እኛ ልጆች ሆነን ያየነው ነው። ለጋውን እንሰት ከግንዱ ይቆርጡትና አሚቾውን፣ ያንን ወፍራም ሥሩን፣ ልቡን ፈልፍለው አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ወራት ያልፋል። ከዚያ ከአንዱ ሥር ብዙ ቡቃያ ገፍቶ ይወጣል። እንግዲህ ከእናቴ አልጋ ሥር ቡቃያ ከወጣ፣ ከእናቴ አልጋ ሥር የተቀበረ ሥር አለ ማለት ነው። የእንሰቱ ረድፍ ቤቱ ጋ አልተቋረጠም ነበር፤ ተቆርጦ፣ ተከታትፎ፣ ከነጥቁር አፈሩ ወለሉ ሥር ገብቷል። ድንጋይና ገረጋንቲ መጠቅጠቅ በነበረበት ቦታ የተቀበረው የሰው ጓሮ ነው። ያልበቀለው ሥር ደግሞ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው ቦታውን ባዶ ትቶ ይሄዳል። ተነስቼ ሴራሚኩን በተረከዜ መታሁት። ባዶ ጀሪካን የተመታ ያህል ጮኸ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብዬ መታሁ፤ ያው ነው። አልጋው ሥር ገብቼ በእጄ ሳንኳኳው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር።

እናቴ አንገቷን አዙራ ምን እንዳየሁ አየች። የሚሠራው የፊቷ ጎን በፈገግታ በራ። "ኡታ!" አለች በወላይትኛ፤ እንሰት ማለቷ ነው። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ ከአፏ ጥርት ብሎ የወጣ ቃል እሱ ነበር። ደህና እጇን ዘርግታ፣ በዚያ በተሰባበረ ንግግሯ አትንኪው፣ ራሱ ነው የመጣው አለችኝ። እሷ እንደ ልጅ ስትደሰት እኔ ደግሞ ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለውን እርምጃ እቆጥራለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ቢሆን በር ይዘጋበታል። ይኼኛው ከታች ነው።

ያኔውኑ አልጋዋን ሳሎን አወጣነው። የሳሎኑም ወለል ሲመታ ያው ነው፤ ብቻ በሩ ይቀርባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ጠባቂ ሆንኩ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲከመር ካርድ ፍለጋ ገብቼ የማን ስም እንደተነገረኝ እረሳለሁ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ስልክ እደውላለሁ። እኔ ሥራ ስውል እናቴን የምታስታምማት የአክስቴ ልጅ "ደህና ነን" ትለኛለች፤ እኔ ግን ከቃሏ ኋላ የሚሰነጠቅ ነገር እንዳለ አዳምጣለሁ። እሷ ቀጭን ናት፤ ቤቱ ቢናድ እናቴን ብቻዋን ማንሳት አትችልም። አንዳንድ ቀን ፈቃድ ሳልጠይቅ ባጃጅ ውስጥ እገባለሁ። ደርሼ እናቴን ተኝታ ሳያት እንባዬ ይመጣል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ራሴን እታዘባለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ይህንን ተረት ያን ሰሞን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አንቀው ነበር።

ክስ ከመሄድ በፊት ሽማግሌ ይቀድማል፤ እነዚያኑ ሰውየውን አጣርተው ያስማሙንን ሁለት ሽማግሌዎች ጠራን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰውየውን ይዘውት መጡ። ሞተር ሳይክሉን በር ላይ አቁሞ፣ ጫማውን ጠርጎ ገባ። የእናቴን ደህና እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር ቀቅዬ ከበርበሬ ዳጣ ጋር አቀረብኩ። ማንም አልነካውም።

ክፍሉን አሳየሁት። ቡቃያው አሁን ቅጠሉን መፍታት ጀምሯል። ሰውየው ተንበርክኮ ሲያየው ቆየ። ተመልሰን ሳሎን ስንቀመጥ ጠየቅሁት።

"ወንድሜ፣ እንሰቱን ነቅላችሁ ነው ወይስ ቆርጣችሁ?"

"ቆርጠን ነው" አለ፣ ሳይሸሽግ። "ግንዱን ቆርጠን ሥሩን እዚያው ከአፈሩ ጋር ጠቀጠቅነው። በላዩ ሲሚንቶ አፈሰስን። እኔ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምሠራው፣ እህቴ። በበጋ ሲረገጥ እኮ ድንጋይ ነው።"

"ገረጋንቲ አልገባበትም?" አለ ባለቤቴ።

"አፈሩ ሞልቶ ሳለ ሌላ አፈር ለምን? ብዬ ነው። ክፋት አስቤ አይደለም።"

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ ብዙ አይለይም። "ልጄ፣ አትፍራ" አሉኝ። "ይሄ ሰውዬ ውሸት አያውቅም። እኛ መስክረናል።"

"አልዋሸም፣ አባባ" አልኳቸው። "እኔን ያስፈራኝ አለመዋሸቱ ነው። ቢዋሽ ኖሮ የአሠራሩን ልክ ያውቃል እል ነበር።"

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው የሚሉት ሰው እስኪሞት ድረስ ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ይኼ ሰው ግን አልተለወጠም፤ ገና ከመጀመሪያው የተመሰከረለት ዓይነት ሰው ነው። ለቅሶ አይቀርም፣ የሠራተኛ ላብ አያስቀርም፣ እንሰት ላይ ቤት ይሠራል። ይህን ማን፣ ምን ብሎ ያጣራል?

ዝናቡ የመጣው እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ነው። እንደ ሌላው ቀን በጠብታ አልጀመረም፤ በአንዴ ወረደ። ቆርቆሮው ስለጮኸ የታላቁ ሽማግሌ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃላቸውን ግን አልሰማም። እኔ የማየው እናቴን ነው። ሰውየው የቀዳሁለትን የሻይ ብርጭቆ ይዞ ወለሉን ያያል። ድንገት ከኋለኛው ክፍል "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ወደ እኛ እየቀረበ። ሰውየው እግር ሥር ሁለት ሴራሚክ ተደጋግፈው ከወለሉ ብድግ አሉ። ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ።

ከሁላችን ቀድሞ በሩ ጋ የደረሰው እሱ ነው። በዚያ ድንጋጤ መካከል እንኳ ይህን አየሁ፤ ደሜ ፈላ። ሠሪው ከሠራው ቤት ቀድሞ ይሸሻል! ባለቤቴ እናቴን በብብቷ፣ እኔ በእግሮቿ ይዘን አነሳናት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን በላይዋ ላይ ጣሉባትና ወጣን። መንገዱን ተሻግረን የጎረቤታችን የአሮጊቷ ጭቃ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥናት። እናቴን ዝናቡ ፊቷ ላይ መውረዱ እንጂ ሌላው አላስጨነቃትም።

ዘወር ስል ሰውየው ዝናብ ውስጥ ሞተሩን ለማስነሳት ይታገላል። በእግሩ ይመታል፣ አይነሳም፤ እንደገና ይመታል። ሮጬ ሄጄ እጀታውን ያዝኩ።

"የት ነው የምትሄደው? እኛን እዚህ ጥለህ? አንድ ዝናብ እንኳ መቆም አቃተህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እህቴ ልቀቂኝ" አለ። "የራሴንም ቤት እንዲሁ ነው የሠራሁት። ልጆቹ ውስጥ ናቸው።"

እጄ ራሱ ለቀቀው። ሞተሩ ተነሳ፤ ቁልቁል በጭቃው እየተንሸራተተ ሄደ። የረገምኩት ከደቂቃ በፊት ነበር። አሁን ግን ዝናቡ እየመታኝ ቆሜ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፣ "ድረስ! ድረስ!" እያልኩ እጮሃለሁ።

በረንዳው ላይ ማንም ወደ እኛ ቤት አላየም። ሁላችንም የምናየው የባለቤቴን ስልክ ነው። እሱ ለሰውየው ይደውላል፣ አይነሳም። እንደገና ይደውላል። ታላቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። እኔ የእናቴን ደህና እጅ ይዤ የሰውየውን ልጆች መልክ ለማሰብ እሞክራለሁ፤ አይቻቸው አላውቅም።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። ባለቤቴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። መጀመሪያ የሰማነው ዝናቡን ነው። ከዝናቡ ውስጥ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ብርድ ላይ አውጥቷቸው ነው። "አሉ" አለ ሰውየው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ሁሉም አሉ።" ከዚያ እሱም እንደ ልጆቹ ሲያለቅስ ሰማነው።