የተገለበጠችው ጃንጥላ

ሩዝ ስናጭድ ነው ወታደሮች መጥተው የወሰዱኝ። ማጭዴን ለእናቴ አቀብዬ ሄድሁ። ወረታ ስንደርስ መስኮት የሌለው የሩዝ መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። እብቁ ጉሮሮ ይከረክራል። ውስጥ አንዲት መነኩሲት አገኘሁ፤ በተሰወረ ልጃቸው ፋንታ የታሰሩ ናቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በኖራው ግድግዳ ላይ ሰዎች መራመድ ጀመሩ፤ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች። ባጃጅ ጎማውን ሰቅሎ አለፈ።

«አማትቢ አንች! ምትሃት ነው!» አሉ እማሆይ።

«አይፍሩ፤ የበሩ ቆርቆሮ ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ። የውጭው ብርሃን በእሷ ገብቶ ነው መንገዱን የሚያሳየን። ትምህርት ቤት ተምረነዋል።»

«ታዲያ ለምን ተዘቀዘቀ?»

«እሱን በፈተናም አልመለስሁት።»

አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ።

አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችለው እኔ ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ፊት ተተክዬ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘንጓ የተሰበረ አረንጓዴ ጃንጥላ መጣች። ተገልብጣ የጣና ታንኳ መስላለች። የእናቴ ናት። እናቴ ከጃንጥላዋ ጋር ሳህን ይዛለች። ዘበኛው እጁን አወናጨፈባት፤ አልሄደችም። ምስሉ እስኪደበዝዝ ቆመች። በየቀኑም ተመላለሰች።

ከሳምንት በኋላ መርማሪው ጠራኝ። ሦስት የጎረቤት ልጆች መሣሪያ ሲሸሽጉ አይቻለሁ የሚል ወረቀት ዘረጋልኝ። አላየሁም።

«ማንን ተማምነሽ ነው? እናትሽ እንኳ አንድ ቀን ብቅ አላለች! ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

ውሸታም! ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ጃንጥላዋን፣ ሳህኑን፣ ሁሉንም ልዘረግፍለት ነበር፤ እኔ እንደሆንሁ አፌ በር የለውም። ግን ከተናገርሁ ቀዳዳዋን ይደፍኗታል። እማሆይም ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ ወደሚታያቸው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስገድ ጀምረዋል።

ዋጥሁት። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥሁለት።

«አልፈርምም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉንጬ ያውቀዋል። ስመለስ እማሆይ ግድግዳው ፊት ያለውን ጥሩውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። በማግስቱም ጃንጥላዋ መጣች።

በኋላ ፈቱኝ። ዘንድሮ ሦስቱ ልጆች ሩዙን አብረውን አጨዱ። እረፍት ላይ የግድግዳውን ነገር ለእናቴ ነገርኋት።

«ታይኝ ነበር? ውይ! በዚያ በቡትቶ ቀሚስ?» አለች።

ሰው ደፋር ነሽ ይለኛል። እኔ እሷን እያየሁ ነው እንቢ ያልሁት። እሷ ግን የሚያያት መኖሩን ሳታውቅ ነው በየቀኑ የቆመችው።