እንትፍ በይባት

የዚያን ቅዳሜ በቤተክርስቲያናችን ምድር ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። ልጆቹን የሚያስተምረው ናታን፤ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ልጆች፣ ከነሱም መካከል የኔዋ ሊዲያና ጓደኛዋ ሃና፤ የሃና አያት እትዬ አልማዝ፤ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሼ ተፈራና ባለቤታቸው እትዬ ጸዳለ፤ በር አጠገብ የልጆቹን የበረዶ ጫማ ሲያስተካክሉ የነበሩ ሁለት እናቶች፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁሉን ነገር የሚቀርጽ አንድ አባት፤ እና እኔ፣ ሌሊቱን የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ ይዤ። ባለቤቴ ሺፍት ላይ ስለነበረ አልመጣም። ሁሉንም የምጠራው፣ የምነግራችሁን ነገር ብቻዬን ያየሁት እንዳይመስላችሁ ነው።

ናታን እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ አንድ ሚድል ስኩል ውስጥ አስተማሪ ነው። ፌብሩወሪ ሲገባ፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኛ ልጆች የአሜሪካ ጥቁሮች ለመብታቸው ያደረጉትን ትግል ያስተምራቸዋል። የዚያን ቀን የመጨረሻው ክፍል ስለነበረ ወላጆችም ተጠራን። ልጆቹ ወንበሮቹን እንደ አውቶቡስ ደርድረው ለነጭ ብዬ ከመቀመጫዬ አልነሳም ያለችውን ጥቁር ሴት ታሪክ ተጫወቱ። ሹፌር የሆነው ልጅ ሊቆጣ ሲል ሳቁ ያመልጠዋል፣ እኛም አብረን እንስቃለን። ከዚያ ናታን መብራቱን አጥፍቶ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አሳየን። ሁለት የውሃ ቧንቧ ጎን ለጎን። አንዱ ለነጮች፣ አንዱ ለጥቁሮች ተብሎ ተጽፎበታል። አንድ ጥቁር ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከራሱ ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ሳቁ ቆመ። 

"ፓረንትስ፣ ባክ ሆም እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር?" ብሎ ጠየቀን ናታን።

ጋሼ ተፈራ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ መለሱለት። "የለም ልጄ! እኛ ጋ ይሄ ነገር አይታወቅም። እኛ ሰውን በሰውነቱ ነው የምናከብረው። ሁላችንም ከአንድ መሶብ በልተን ነው ያደግነው።" እትዬ ጸዳለ "አሜን" አሉ። እትዬ አልማዝም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊዲያ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንዴት ነው፣ እውነት ነው? እንደማለት።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። እናቴ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" እያለች ነው ያሳደገችኝ። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ካልጋሪ ውስጥ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ የከተማዬን ስም ብቻ ተናግሬ ወሬ አስቀይራለሁ። ለራሴ ፈርቼ አይደለም። ሊዲያ ሃና ቤት ታድራለች፣ ከሃና ጋር ከአንድ ሳህን ትበላለች፤ ይሄን እንዳያስቀሩባት ነው። ግን ጋሼ ተፈራ "አይታወቅም" ሲሉ ግድግዳው ላይ ያለው ቧንቧ የልጅነቴ ትምህርት ቤት የውሃ ጋን ሆኖ ታየኝ። 

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ወይራ አምባ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ነበር። እናቴ ከወንዙ ማጠፊያ አፈር ታመጣለች፣ ታቦካዋለች፣ በእግሯ ትረግጠዋለች። ሸክላው ሲተኮስ የኩበቱ ጭስ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ይከርማል። እኔ ከሁሉ የምወደው በአዲስ እንስራ ላይ የመጀመሪያው ውሃ ሲፈስ የሚሸተውን ሽታ ነበር፤ ዝናብ ገና የነካው መሬት ማለት ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ወጡን የሚሠራው በእናቴ ድስት፣ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በእናቴ እንስራ ነበር። እናቴ ግን የማንንም ደጃፍ አታልፍም። የሸክላዋን ዋጋ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል፣ እሷም ከመሬት ታነሳለች። ቡዳ ናቸው ይሉን ነበራ! በዓይናችን ሰው የምንበላ፣ ማታ ማታ ጅብ የምንሆን።

የትምህርት ቤታችን የውሃ ጋን ሲሰነጠቅ ዳይሬክተሩ እናቴን አዲስ አዘዟት። በጭድ ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ አመጣችው። ከክፍላችን በር አጠገብ ዛፉ ጥላ ሥር ተተከለ፤ የሽቦ እጀታ ያለው ጣሳም ከጎኑ ተንጠለጠለ። ተማሪው ሁሉ በዚያ ጣሳ ይጠጣል። እኔ ሲጠማኝ የክፍል አለቃው ከላይ ሆኖ በእፍኜ ያፈስልኛል። ጣሳው ጣቴን ከነካ በአሸዋ ይፈገፈጋል። የእናቴ መዳፍ ያለሰለሰውን ጋን ውሃ እየጠጡ የእናቴን ልጅ ይጸየፋሉ! ይሄን ዛሬም ዕቃ እያጠብኩ ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

መምህራችን መጥፎ ሰው አልነበሩም። ግን ሌላው ልጅ ሲያጠፋ ጆሮውን ይቆነጥጡታል፤ እኔን በረጅም አርጩሜ ከሩቅ ነካ ያደርጉኛል። እመኑኝ፣ ምነው እኔንም ጆሮዬን በቆነጠጡኝ እያልኩ እመኝ ነበር። የምቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዬን ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ቆሎ ሲያወጡ "ፊትሽን አዙሪ!" ይሉኛል። ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። የቆሎው ሽታና የመንጋጋቸው ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል፣ እኔ የጭቃውን ስንጥቅ እያየሁ ምራቄን እውጣለሁ።

የውብዳር የእህል ነጋዴዋ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ነበረች። አፏ አያርፍም፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀዷል። አንድ ጠዋት ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደኔ መጣች።

"አንቺ ብቻሽን ይሄን ሁሉ ወንበር ታቅፈሽ! እኛ እዚያ እንደ በርበሬ ታጭቀናል። ጠጋ በይ!"

"ይቆጡሻል" አልኳት።

"ይቆጡኛ! ወንበር ነው፣ አይናከስ!"

አዝናልኝ አልነበረም፤ የምትንፈላሰስበት ቦታ ፈልጋ ነው። የወደድኳትም ለዚህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቅልልቦሽ ስንጫወት እንውላለን። እናቴ ከጣሳው እንዳልደርስ ብላ የሠራችልኝ ትንሽ የሸክላ ኩባያ ነበረችኝ። የውብዳር በእሷ ካልሆነ አልጠጣም አለች። "ያንቺ ውሃ ዝናብ ዝናብ ይላል" ትለኛለች። ከቆሎዋም እየዘገነች ትሰጠኛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳላዞር ሰው መሃል ቆሎ የበላሁት ያኔ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ሰሞን የውብዳር ታመመች። ትኩሳት አንቀጠቀጣት። በየቤቱ የታመመ ልጅ ነበር፣ የእሷን በሽታ ግን ከተማው ከማን እንደሆነ አውቆ ጨርሷል። ሁለት ጎረምሶች መጥተው ከእናቴ እጅ ነጠቁኝ። እናቴ ከኋላ እየሮጠች "ልጅ ናት! ኧረ ስለ ማርያም፣ ልጅ ናት!" ትላለች። እትዬ በላይነሽ ቤት ስንደርስ ሰው ሞልቷል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እትዬ በላይነሽ ክንዴን ያዙኝ፤ ባዶ እጃቸው እንዳይነካኝ መጀመሪያ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው።

"እንትፍ በይባት! ልቀቂያት!"

ቡዳ የበላውን ሰው የሚለቀው ራሱ ሲተፋበት ነው ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አፌ እንደ ገል ደርቆ ምራቅ አጣሁ። "እምቢ አለች! ልትጨርሳት ነው!" ብለው ጮኹ። አንዱ ዱላ አነሳ። ያኔ የውብዳር መደቡ ላይ እንደተኛች ዓይኗን ገልጣ "አፏ ደርቆ ነው፣ ውሃ ስጧት" አለች። በእፍኜ አፈሰሱልኝ። ጎንበስ ስልባት ደግሞ ቀስ ብላ፣ "ትፊና ሂጂ በቃ። እንቅልፌ መጥቷል" አለችኝ። ግንባሯ ላይ ተፋሁ። ሰዉ እልል አለ። በጓደኛዬ ፊት ላይ በተፋሁት ምራቅ እልል አለ።

በማግስቱ ትኩሳቷ ወረደ።

መዳኗን ስሰማ ዘለልኩ። እናቴ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ያልገባኝ ገብቷት ነበር። ሞታ ቢሆን ኖሮ እኛንም አይምሩንም ነበር። ስትድን ደግሞ "አያችሁ? ለቀቀቻት!" ተባለ። የእሷ መዳን በእኔ ላይ ምስክር ሆነ። ዳይሬክተሩ እናቴን አስጠርተው "ለራሷ ደኅንነት ቤት ትቆይ" አሏት። ጋኑን ግን "ውሰጂ" አላሏትም። የእኔ ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያለቀው እንዲህ ነው።

የውብዳርን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን ነው። እናቷ እንዳላያት በነጠላቸው ፊቷን ሸፍነው በሸክላዎቻችን አጠገብ ሲያሳልፏት፣ ከነጠላው ሥር አንገቷን አውጥታ ወደኔ "እንትፍ!" አለች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። "ተካካስን!" በጥፊ አሏት፤ እሷ አሁንም ትስቃለች። እኔም እየሳቅኩ ዋልኩ፤ እናቴ አበድሽ ወይ እስክትለኝ። ብዙም ሳይቆይ ደሴ አጎቷ ጋ ልትማር ሄደች ሲባል ሰማሁ።

ይሄ ሁሉ ነው ምድር ቤቱ ውስጥ የመጣብኝ። ሊዲያ አሁንም ታየኛለች።

"ነበረ" አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነበረ። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ።"

ጣሳውን ነገርኳቸው፣ ምራቁንም ነገርኳቸው። አማርኛው ያልገባቸውን ልጆች ሊዲያ እየተረጎመች አስረዳቻቸው። ሹፌር ሆኖ የተጫወተው ልጅ እጁን አወጣ። "ዌት፣ ማለት... ማታ ማታ ጅብ ትሆኛለሽ? ዛትስ ሶ ኩል!"

"አልሆንም" አልኩት። "ማታ ማታ ዌርሃውስ ነው የምሠራው።"

ልጆቹ ተንከተከቱ። ትልልቆቹ አልሳቁም። ሁሉን የሚቀርጸው አባት ስልኩን ዝቅ አድርጎ ነበር። ጋሼ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እሱማ ሌላ ነው፣ እህት ብርቄ። እሱ ያልተማረ ሰው አጉል እምነት ነው፣ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?" አሉኝ። ቀጥለውም በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ደግሞ በዘር የመጣ ነገር ካለ በጸሎት ይሰበራል። አይዞሽ፣ እንጸልይልሻለን" አሉ።

እኔን ሊያነጹኝ ነው! ጣሳውን በአሸዋ ከሚፈገፍገው የክፍል አለቃ በምን ተለዩ? ያ እንኳ ልጅ ነበር።

ሻይ ቀረበ። ድፎ ዳቦዬን ቆራረስኩ። እትዬ ጸዳለ ቀደም ብለው፣ ገና ሳልናገር፣ ከዳሩ አንድ ቁራሽ ቀምሰው "እጅሽ ይባረክ፣ ጨምሪልኝ" ብለውኝ ነበር። አሁን ሳህኑን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ሹገሬ ጨምሯል።" እትዬ አልማዝ ቤታቸው በልተው ነው የመጡት። ናታን ሦስት ትልልቅ ቁራሽ ወሰደና እኔን እያየ ጎረሰ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ዳቦዬ እንደ መድኃኒት ሲበላ ማየትም ያሳፍራል። ልጆቹ ብቻ ስለ ማንም ሳያስቡ በሉት፤ ለፍርፋሪው ተጣሉ።

ዓርብ ሊዲያ ሃና ቤት ልታድር ነበር። ሐሙስ ከእትዬ አልማዝ ቴክስት ደረሰኝ። ሃናን ጉንፋን ይዟታል፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን ይላል። ሳነበው ክንዴ ላይ የነጠላው ጫፍ ቆጠቆጠኝ። አመመኝ አልልም፣ አስጠላኝ። ሰማይ አቋርጦ፣ ፓስፖርት አውጥቶ፣ ታራዴል ሰፈራችን ድረስ ተከትሎን መጣ።

በማግስቱ ሊዲያን ልወስድ ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስጠብቅ፣ ጉንፋን ይዟታል የተባለችው ሃና ከሊዲያ ጋር እየተሳሳቀች ወጣች። አንድ የውሃ ጠርሙስ ይቀባበላሉ። አንዷ ትጠጣለች፣ አፉን ሳትጠርግ ለሌላዋ ትሰጣለች። መስኮቱን ከፍቼ ልጠራቸው ብዬ ተውኩት። እስኪጨርሱት ጠበቅኩ።

ሊዲያ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር፣ "ማሚ፣ ሶ ዌር ኢዝ ሺ ናው?" አለችኝ።

"ማን?"

"የተፋሽባት ልጅ።"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? እኔ ሃና ብትጠፋብኝ እፈልጋታለሁ።"

 ያኔ ለመፈለግ ደሴ ሩቅ ነበር፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያም አልነበረኝም፣ ብሄድስ ማን በር ይከፍትልኛል? አሁን ስልክ በእጄ ነው፣ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ይገናኛል፤ እኔ ስሟን ከጠራሁ የኔም ይታወቃል ብዬ ነበር እስካሁን ዝም ያልኩት። አሁን ታውቋል።

ስለዚህ ወይራ አምባ ያደጋችሁ፣ ወይም ያኔ ደሴ የተማራችሁ ካላችሁ ልጠይቃችሁ። የውብዳር ትባላለች፣ የእህል ነጋዴዋ የእትዬ በላይነሽ ልጅ። ቀይ ዳማ ናት፣ ስትስቅ ድምፅዋ ከሰው ሁሉ ይበልጣል። ዕድሜዋ ከኔ ጋር እኩል ነው፣ አሁን ሃምሳ ሊሞላን ነው። የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።