ከፍሪጅ የወጣ ጠበል

ሕመሙ የጀመረኝ በቀኝ ዐይኔ ቆብ ነው። ወደ ማታ፣ እዚህ በስደት በምኖርበት ፌርፋክስ ከተማ ታክሲ እየነዳሁ ቆቡ ወረደ። ከፊቴ ያለው መኪና ሁለት ሆነ። ጓደኞቼ "ጫት ጀመርክ እንዴ?" እያሉ ቀለዱብኝ።

ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚሰጡኝ ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ደህና ነኝ፤ ሕመሙ የሚነሣው ሰውነቴ ሲደክም ነው። "ዐይንህ ምንም አልሆነም፤ እረፍት አድርግ" ብለው ይሸኙኛል። ያንኑ ተናግሬ ያንኑ መልስ ስሰማ ደሜ ፈላ። እንጀራዬ መንዳት ነው፤ አንዱን መንገድ ሁለት እያየሁ እንዴት ልንዳ?

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ፍሪጃቸው ውስጥ የከረመ ጠበል አመጡልኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ነክረው ዐይኔ ላይ ያዙልኝ። ቆቡ ተነሣ። እልል አሉ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ሲወርድ "እምነትህ ጎድሎ ነው" አሉኝ። ይሄ ደግሞ ከሕመሙ በላይ አናደደኝ።

ከዚያ መዋጥ አቃተኝ። ውሃ በአፍንጫዬ ወጣ። ምላሴ ተሳሰረ። ፈራሁ።

እትዬ ብርቄ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ መሀል ገቡና "ጠበሉ ዐይንህን ከፍቶት እንደነበር ንገራት እንጂ!" አሉ። አፈርኩ። እየተኮላተፍኩ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። "ጠበሉ ቀዝቃዛ ነበር?"

"ከፍሪጅ ነው ያወጣሁት" አሉ እትዬ ብርቄ።

በረዶ በጓንት ቋጥራ መጣችና ዐይኔ ላይ ያዘችው። ቆቡ ተነሣ።

"የሴል ሽፋን ላይ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን አለ" አለችኝ። "አንዳንዱ በር ነው፣ አንዳንዱ ፓምፕ። ሪሴፕተር የሚባለው ደግሞ መልእክት ይቀበላል። የገዛ ሰውነትህ የጡንቻህን ሪሴፕተር እያጠቃ ነው። ነርቭህ ያዛል፣ ጡንቻህ አይሰማም። ቅዝቃዜ ለጊዜው ያግዘዋል።" ሕመሙ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። የደም ምርመራውም ይህንኑ አረጋገጠ።

ሆስፒታል ተኝቼ በደም ሥሬ መድኃኒት ከተሰጠኝ በኋላ መጀመሪያ መዋጥ ቻልኩ፤ ቀጥሎ ፒሪዶስቲግሚን የሚባለውን ኪኒን እየወሰድኩ ድምፄም ዐይኔም ቀስ በቀስ ተመለሱና ሐኪሟ መንዳት ፈቀደችልኝ።

እንደኔ ለምትንከራተቱ፦ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ጠይቁ። ቆቡ ሲወርድ በስልካችሁ ቅረጹት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። የምታፍሩበትንም ነገር ቢሆን ለሐኪም ንገሩ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። እትዬ ብርቄንም፣ ቢያናድዱኝም። ጠበሉ ነው ያዳነህ ይሉኛል። ቅዝቃዜው ነው እላቸዋለሁ።

"ታዲያ በረዶውን ማን አሳሰባት?" ይላሉ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ እየነዳሁ።